በጉጠት የመጣው ፍም

በምዘምርበት የመዘምራን ቡድን ውስጥ፣ ሐሙስ ማታ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት፣ ከመካከላችን አንዱ በተራው ለሩብ ሰዓት ያህል ቃለ እግዚአብሔር የሚያካፍልበት ልማድ አለን። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ተራው የእኔ ነበር። በዚያ ሰሞን የምንለማመደው መዝሙር «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» የሚል ስለ ነበር ብዙ ሳልጨነቅ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 6ን መረጥሁ። ምዕራፉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቁጥር 8ንማ በቃሌ እጠቅሰዋለሁ። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቀመጥ ይበቃኛል ብዬ ነበር ያሰብሁት። የተቀመጥሁት ግን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከቁጥር 5 ማለፍ አቅቶኝ።

«ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት» ይላል መነሻው። ይህን ሐረግ ለብዙ ዘመን እንደ ቀን መቁጠሪያ ነበር የማነበው፤ ነገሩ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ740 ዓመት ገደማ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26ን አብሮ ያነበበ ሰው ግን ነቢዩ የዚያን ንጉሥ ስም በራእዩ ደጃፍ ላይ ያኖረው በከንቱ እንዳልሆነ ይረዳል። ዖዝያን በ16 ዓመቱ ነግሦ 52 ዓመት የገዛ፣ በኢየሩሳሌም ግንብ የሠራ፣ በምድረ በዳ ጕድጓድ ያስቈፈረ፣ እርሻ የሚወድድ፣ 307,500 ተዋጊዎች የነበሩት፣ በግንቦቹ ላይ ፍላጻና ድንጋይ የሚወረውር መሣሪያ ያስተከለ ብርቱ ንጉሥ ነበር። በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየ፤ ለካህናት ብቻ የተለየውን ዕጣን ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋር ተከትሎት ገብቶ ይህ ሥራ ለእርሱ እንዳልተሰጠ ቢነግረው ተቈጣ፤ በተቈጣበትም ቅጽበት፣ ጥናው ገና በእጁ እንዳለ፣ ለምጽ በግንባሩ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ የኖረው በተለየ ቤት ነው።

ዖዝያን ፈቃደኛ ነበር፤ ያን ሌሊት መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ማንም አላስገደደውም፤ ስሙ በተረኞች ዝርዝር ላይ አልነበረም፤ በራሱ ተነሣሽነት፣ በራሱ እግር፣ ለእግዚአብሔር የሚቀርበውን ነገር ይዞ መጣ። በእኛ በወንጌላውያን አነጋገር «የአገልግሎት ሸክም ያለው ሰው» ልንለው በቻልን ነበር። እንግዲህ በፈቃድ ለማገልገል መነሣት ብቻውን ሰውየው ከእግዚአብሔር ጋር ለመገናኘቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። እኔም በመዘምራን ውስጥ 14 ዓመት ያገለገልሁት በፈቃዴ ነው፤ ዝናብ ሲጥል፣ ልጅ ሲታመም፣ የቤት ኪራይ ሲጨምርና ሰፈር ስንቀይር እንኳ ሐሙስን አላጓደልሁም። ያ ፈቃድ ከወዴት እንደሚመነጭ ግን አንድ ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትምህርት ደግሞ ሁለቱን ሰዎች ይበልጥ ያቀራርባቸዋል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንደሚተረከው፣ ኢሳይያስ የዖዝያን ወዳጅ ስለ ነበር ንጉሡ በመቅደሱ ላይ ሲደፍር አይቶ ሳይገሥጸው ቀረ፤ ስለዚህም ከንፈሩ በለምጽ ተመታ፣ ሀብተ ትንቢቱም ተነሣው። ይህ በመጽሐፍ ቅዱሱ ንባብ ውስጥ በግልጥ የተጻፈ አይደለም፤ እኔም ያደግሁት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ትረካውን የሰማሁት ዘግይቼ፣ ከአያቴ አፍ ነው። ነገር ግን ትረካውን ያቈዩልን አባቶች በዖዝያን ግንባርና በኢሳይያስ ከንፈር መካከል ያለውን ዝምድና ከማናችንም ቀድመው አይተውታል። በኦሪት ዘሌዋውያን 13፥45 ለምጻም ሰው ልብሱን ቀድዶ፣ ከንፈሩን ሸፍኖ፣ «ርኩስ፣ ርኩስ» እያለ እንዲጮኽ ታዝዟል። ኢሳይያስ በራእዩ ሳለ የጮኸው ይህንኑ አይደለምን? «ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው በመሆኔ» አለ። ለምጻሙ ንጉሥ በሞተበት ዓመት ነቢዩ የለምጻምን ጩኸት በገዛ ራሱ ላይ ጮኸ። ንጉሡ እንደማይገባው ሲነገረው ተቈጣ፤ ነቢዩ ግን ማንም ሳይነግረው እንደማይገባው ተናገረ።

ምን አይቶ ነው? መልሱ የሚገርመው ኢሳይያስ ስለ እግዚአብሔር መልክ አንድም ቃል ባለመናገሩ ነው። ረጅምና ከፍ ያለ ዙፋን እንዳየ ይነግረናል፤ ከዚያም ዓይኑ ወደ ታች ይወርድና የልብሱ ዘርፍ ብቻ መቅደሱን ሞልቶት እንደ ነበር ይተርካል። ከዘርፉ በላይ ቀና አላለም። ሱራፌል፣ ስማቸው እንኳ በዕብራይስጡ የሚነድዱ እንደ ማለት የሆነው፣ አንዳች በደል ያልተገኘባቸው ፍጥረታት፣ በሁለት ክንፍ ፊታቸውን፣ በሁለት ክንፍ እግራቸውን ይሸፍናሉ፤ በሁለቱ ይበርራሉ። ከስድስት ክንፍ አራቱ ለመሸፈን፣ ለሥራ የተተዉት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ልብ ስል፣ ሳምንቱን ሙሉ በስብሰባና በልምምድ የተጨናነቀው የእኛ የአገልግሎት ፕሮግራም ስሌቱን ገልብጦ መያዙ ታየኝ። ድምፃቸው የመድረኩን መሠረት አናወጠው፤ ቤቱንም ጢስ ሞላበት። ዖዝያን ሊያጤሰው የመጣው ጢስ ይህ ነበር፤ ያለ እርሱ ጥና ቤቱ ሞልቷል።

ስለ ቅድስና ሳስብ ከየትኛውም ስብከት በፊት የሚመጣብኝ ግን የአያቴ ሰፌድ ነው። አያቴ የተዋሕዶ ልጅ ነበረች፤ ወላጆቼ ወንጌላዊ ሲሆኑ እርሷ በነበረችበት ጸናች፤ እኛም የልጅ ልጆቿ ክረምት ክረምት እርሷ ዘንድ እንሰነብት ነበር። ለቅዳሴ የሚሆነውን መገበሪያ ለማዘጋጀት ተራዋ ሲደርስ፣ ስንዴውን በሰፌድ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ትለቅመዋለች፤ በዚያን ጊዜም አፏንና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ለምን እንደምትሸፈን አንድ ቀን ብጠይቃት፣ «ትንፋሼ እንዳይነካው ነዋ፤ ወዴት እንደሚሄድ አታውቂም እንዴ?» አለችኝ። ላስውባት አልፈልግም፤ በሌላው ሥራ ሁሉ ስታጕረመርም የምትውል፣ ውኃ የሚቀዳላት ሲጠፋ ጎረቤቱን በሙሉ የምትረግም ሴት ነበረች። ያን ስንዴ ስትለቅም ግን ስታማርር ሰምቻት አላውቅም። ማንም አይቈጥርላትም፤ ማንም አያመሰግናትም፤ ስንዴው ከሌሎች ሰዎች ስንዴ ጋር ተደባልቆ ይገባል። እርሷን የሚያሳስባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትንፋሿ።

እኛ ወንጌላውያን «ወደ ጸጋው ዙፋን እንቅረብ» የሚለውን የዕብራውያን መልእክት ቃል በሚገባ ተምረናል፤ በዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ያው መልእክት በምዕራፍ 12 መጨረሻ ላይ እግዚአብሔርን በማክበርና በፍርሃት እንድናመልክ አዝዞ «አምላካችን በእውነት የሚያጠፋ እሳት ነውና» ማለቱን ግን እንደ ፊተኛው ደጋግመን አንጠቅሰውም። መቅረብን ተምረን መሸፈንን የረሳን ይመስለኛል። እኔ ቢያንስ ረስቼው ነበር።

ያን ረቡዕ ሌሊት የተያዝሁት እንዲህ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 ላይ ስድስት ጊዜ «ወዮ» ይላል። ቤትን ከቤት ጋር ለሚያያይዙ፣ ማልደው መጠጥ ለሚከተሉ፣ ክፉውን መልካም መልካሙንም ክፉ ለሚሉ፣ በራሳቸው ዓይን ጥበበኞች ለሆኑ ወዮላቸው ይላል። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱንም አልሻረውም። በምዕራፍ 6 ላይ ግን ሰባተኛው ወዮታ መጥቶ በተናጋሪው በራሱ ላይ አረፈ፦ «ጠፍቻለሁና ወዮልኝ!» በዕብራይስጡ «ጠፍቻለሁ» የተባለበት ቃል ዝም መሰኘትንም ሊያመለክት እንደሚችል የቋንቋው አዋቂዎች ይናገራሉ። ሱራፌል እየዘመሩ ነው፤ ነቢዩ ግን አብሮ ሊዘምር አይችልም፤ ከንፈሩ አይሆንም። ይህን ሳነብ ከሦስት ሳምንት በፊት ከልምምድ ወጥተን በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ የተናገርሁት ነገር ትዝ አለኝ። ከልምምድ ከቀረች ሁለት ወር ስለ ሆናት አንዲት ወጣት እኅታችን ለሁለት ጓደኞቼ «ድሮም የምትዘምረው ለታይታ ነው፤ ማይክሮፎኑ ሲቀርባት እሷም ቀረች» ብዬ ነበር። ተሳሳቅን፤ ታክሲው መጣ፤ ተሳፈርን። እሑድ በዚያው አፌ ዘመርሁ፤ ዜማውም አልተሰበረም፤ አንዳች ነገርም አልተሰማኝም። ልጅቷ የቀረችው እናቷ ታምመው ሆስፒታል ስለ ገቡ እንደ ሆነ የሰማሁት በማግሥቱ ነበር፤ ከሰማሁም በኋላ «ምነው አልተናገረችም» ብዬ ጥፋቱን ወደ እርሷ መልሼው ተኝቼ አድሬያለሁ።

ሐሙስ ማታ ማስታወሻዬን ሳልይዝ ሄድሁ። ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ ቁጥር 5 አነበብሁና ከዚያ በላይ መናገር እንደማልችል፣ ስለ ማን ምን እንዳልሁ፣ እሑድም በዚያ አፍ እንደ ዘመርሁ ተናግሬ ተቀመጥሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አብረውኝ የሣቁት ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ፤ እነርሱን ላሳፍር አስቤ ያደረግሁት አልነበረም፤ ሆኖም አፈሩ። በዚህ መካከል በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት፣ ድምፃቸው አሁን ቢደክምም ከቡድኑ ያልተለዩ አንድ አባት፣ ካሉበት ሳይነሡ «ልጄ፣ ቁጥር ሰባትን ሳታነብቢማ አትቀመጪ» አሉኝ።

ተነሥቼ አነበብሁት። «እነሆ፥ ይህ ከንፈሮችህን ነክቶአል፤ በደልህም ከአንተ ተወገደ፥ ኃጢአትህም ተሰረየልህ።»

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ይህን ቁጥር ስንት ጊዜ እንደ ተመለስሁበት አላውቅም። ፍሙ የተወሰደው ከመሠዊያው ነው፤ መሥዋዕት ከሚቃጠልበት፣ ደም ከሚፈስስበት ስፍራ። ሱራፊው ራሱ እሳታዊ ሆኖ ሳለ በእጁ አልጨበጠውም፤ በጉጠት ያዘው። ኢሳይያስ ግን በከንፈሩ ተቀበለው። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ይህን ፍም የሥጋ ወደሙ ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉ፤ ደሙ የሚቀዳበትንም እርፈ መስቀል ከዚያ ጉጠት ጋር ያመሳስሉታል። እኔ ያደግሁባት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዓይናችንን በቀጥታ ወደ መስቀሉ ታሳየናለች። በሁለቱም መንገድ ብንሄድ የምንደርሰው አንድ ቦታ ነው፤ ያነጻው ነገር ከነቢዩ ውስጥ አልመነጨም። ኢሳይያስ ስእለት አልተሳለም፤ «ይቅር ካልኸኝ አገለግልሃለሁ» አላለም፤ መልካም ሥራውን አልቈጠረም። ያደረገው ነገር ቢኖር የቈሰለበትን ቦታ ማሳየት ነው፤ እሳቱም የወደቀው ልክ እዚያው ላይ ነው። እጁን አልነካውም፤ ራሱን አልነካውም፤ ከንፈሬ ያለውን ከንፈሩን ነካው። ሕዝቡንም እስከ ዕለተ ሞቱ ያገለገለው በዚያው በከንፈሩ ነው።

«ማንን እልካለሁ? ማንስ ይሄድልናል?» የሚለው ድምፅ የተሰማው ከዚህ በኋላ ነው። ትእዛዝ አይደለም፤ «ኢሳይያስ ሆይ» የሚልም የለበትም። በዙፋኑ ዙሪያ ክንፍ ያላቸው ሱራፌል ቆመው ሳለ፣ ከእነርሱ አንዱን ልኮ መጨረስ ሲቻል፣ ጥያቄው እንዲሁ ክፍት ሆኖ ይቀርባል። አሁን የተረፈ ሰው ሰምቶ መልስ ይሰጣል፦ «እነሆኝ፥ እኔን ላከኝ።» ደመወዙን አልጠየቀም፤ ወዴት እንደሚላክ እንኳ አልጠየቀም።

የእግዚአብሔርን ቅድስና ያየ ሁሉ ወዲያው በፈቃዱ ይነሣል ብዬ ብጽፍ ግን መጽሐፉ ራሱ ይቃወመኛል። ሙሴ በሚነድደው ቍጥቋጦ ፊት ጫማውን አውልቆ፣ ፊቱን ሸፍኖ ከቆመ በኋላ ምክንያት በምክንያት ላይ ይደረድር ጀመር፤ መጨረሻ ላይም ሌላ ሰው እንዲላክ እስከ መለመን ደረሰ። ለብዙ ጊዜ ይህ ልዩነት ግራ ያጋባኝ ነበር። ሁለቱም ቅድስናውን አይተዋል፤ ሁለቱም የተናገሩት ስለ አፋቸው ነው። ሙሴ ግን «አፌ ኰልታፋ ምላሴም ጸያፍ» ያለው ስለ ችሎታው ነው፤ ኢሳይያስ የተናገረው ስለ ርኵሰቱ ነው። እንቅፋቴ የችሎታ ማነስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ለመከራከር ሁልጊዜ ቦታ አለው፤ ከእርሱ የተሻለ ተናጋሪ፣ ከእርሱ የተማረ፣ ከእርሱ ጊዜ ያለው ሰው አይታጣምና። እንቅፋቱ ኃጢአቱ የነበረና ኃጢአቱ የተነሣለት ሰው ግን በምን ይከራከራል? ጴጥሮስም በጌንሳሬጥ ባሕር ዳር፣ ዓሣው ታንኳዎቹን ሊያሰጥም ሲደርስ፣ መረቡ እንዴት እንደ ሞላ አልጠየቀም፤ በኢየሱስ ጕልበት ላይ ወድቆ ኃጢአተኛ ነኝና ከእኔ ተለይ አለ። «አትፍራ» ተባለ፤ ታንኳውን ወደ ምድር አድርሶ ሁሉን ትቶ ተከተለ።

ያን ሐሙስ ከጸሎት በኋላ መሪያችን እንደ ወትሮው ማስታወቂያ ተናገረ። የዚያች እኅታችን እናት ገና ሆስፒታል ናቸው፤ ልጅቷ ለሁለት ወር ያህል ሌሊቱን በወንበር ላይ ስታድር ወገቧ አልቋል፤ በሳምንት አንድ ሌሊት እንኳ ተቀብሏት የሚያድር አስታማሚ ቢገኝ፤ «ማን ይሄዳል?» አለ። ምዕራፉን አስቦ እንዳልተናገረ እርግጠኛ ነኝ፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀው እንዲሁ ነው፤ እኛም ሁልጊዜ የምንመልሰው ወለሉን በማየት ነው። እጄን ማንሣቴን ያወቅሁት መሪው ስሜን ሲጽፍ ሳየው ነው። ለ14 ዓመት «በፈቃዴ» ካደረግሁት አገልግሎት ሁሉ ይህኛው የተለየ ነበር፤ በልቤ ውስጥ ማንንም አላሳየሁበትም፣ ከማንም ጋር አላስተያየሁትም።

በየጉባኤው ማስታወቂያ ላይ «እነሆኝ፥ እኔን ላከኝ» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ አያለሁ፤ ከሥሩም «አገልጋይ» የሚል ቃል ከስም በፊት እንደ ማዕረግ ተቀምጦ የተጋባዦች ፎቶግራፍ ይደረደራል። ቤት የሚጠርግና እግር የሚያጥብ ሰው መጠሪያ የነበረው ቃል እንዴት ወደ ማዕረግነት እንደ ደረሰ አንድ ቀን ለብቻው ብጽፍበት ደስ ይለኛል። እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ንባቡ ሁልጊዜ በቁጥር 8 ላይ መቆረጡ ነው። ቁጥር 9ን ያነበበ ሰው ኢሳይያስ የተላከው ወደማይሰሙት ሰዎች እንደ ነበር ያያል፤ መስማትን ትሰማላችሁ አታስተውሉም ብለህ ንገራቸው ተባለ። «ጌታ ሆይ፥ እስከ መቼ ድረስ ነው?» ብሎ ሲጠይቅም፣ ከተሞች ባድማ እስኪሆኑ፣ ምድርም ፈጽማ እስክትጠፋ ድረስ የሚል መልስ አገኘ። የቀረለት ተስፋ ዛፍ ከተቈረጠ በኋላ እንደሚቀር ጉቶ ያለ ነው። ፈቃደኝነቱ ከሚያገኘው ውጤት ይመነጭ የነበረ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሰዓት ይደርቅ ነበር። በሰው ጭብጨባ የተጀመረ አገልግሎት ጭብጨባው ሲቆም ለምን እንደሚቆም ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም፤ ከራሴ በቀር።

ከአገራችን ታሪክ በዚህ ረገድ ደጋግሞ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። የትውልድ ስሙ ሂካ ነበር፤ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1872 እ.ኤ.አ. ተጠመቀ። ለጥምቀት ስሙ የመረጠው፣ ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለትን የዚያን ባሪያ ስም ነው። እንደ ኢሳይያስ ያለ ራእይ አየ ተብሎ አልተጻፈለትም፤ እኔም አልጨምርለትም። ነገር ግን ከባርነት የወጣን ሰው ዳግመኛ አገልጋይ ሊያደርገው የሚችል ከቶ ማን ነው? ማንም ሊያስገድደው አይችልም ነበር፤ እርሱ ግን የተሰረቀበትን ሕዝብ ለማገልገል ወጣ። ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት በ1880ዎቹ ያደረጋቸው ሙከራዎች ሳይሳኩ ቀርተው ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተመለሰ። መንገዱ ሲዘጋበት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም ተቀመጠ፤ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ገኖም በቋንቋ ሀብቷ ብዙ አገዘችው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ፤ ወደ ነቀምት የገባው በ1904 ነው። ሂካ የሚለው ስም በኦሮምኛ መፍታትንም መተርጐምንም ከሚያመለክተው ቃል ጋር መያያዙን ሳስብ፣ ባሪያ ነጋዴዎቹ ያን ስም ሊያጠፉት አለመቻላቸው ደስ ይለኛል። ያን ሁሉ ዓመት አንባቢው ማን እንደሚሆን ሳያይ፣ ገጹን በገጽ ላይ ሲጨምር የኖረ ሰው «እስከ መቼ ድረስ» ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም።

ወደ ሆስፒታሉ የሄድሁት ማክሰኞ ማታ ነው። ልጅቷን በኮሪደሩ ላይ አገኘኋትና ከሁሉ አስቀድሜ ያልሁትን ነገር ነገርኋት፤ ይቅርታም ለመንኋት። «ሰምቼ ነበር» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቀጥሎም ፔርሙዙ የቱ ጋ እንዳለ፣ ኪኒኑ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ እናቷን ወደ ጎን ሲያዞሯቸው የትኛውን ትከሻ መያዝ እንደማይገባ አሳየችኝና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ይቅር ብላኝ እንደ ሆነ በዚያ ማታ አላወቅሁም፤ አሁንም አልጠየቅኋትም። ወደ መዘምራኑም ገና አልተመለሰችም። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ።

እናቷ ስሜን አልያዙልኝም፤ በየሳምንቱ «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል፤ በየሳምንቱ እነግራቸዋለሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነቅተው ውኃ ከጠጡ በኋላ፣ ጋቢያቸውን ሳስተካክልላቸው እጄን ያዙና መዝሙር አውቅ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። አውቃለሁ አልኋቸው። «እንዲያ ከሆነ ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ አንድ በይልኝ፤ ቀስ ብለሽ ነው ታዲያ፤ ያቺኛዋ አሁን ነው የተኛችው» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ጎረቤት አልጋ እያመለከቱ። የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ስንለማመደው የሰነበትነውን ጀመርሁላቸው። ሦስተኛው «ቅዱስ» ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።